የባለቤቴ የጭፈራ ጓደኛ

ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ዳገቱ ላይ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ፣ ያለ እኔ ክንድ ከቤት አትወጣም ነበር። ሰው ያዝንልን ነበር፤ እኔን ግን ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከጭሮ በደሳ፣ ከጭሮ ቦኬ አውቶብስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ የሚፈልገኝ ሰው ተገኘ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት ነገሩን ያመጣችው። “እማማ፣ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ይምጡ። አረጋውያን በሙዚቃ እየተወዛወዙ እግራቸውን ያጠነክራሉ” አለቻት። ይዣት ሄድኩ። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ትከሻ አልሰብቅም ብዬ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

አሰልጣኟ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አቆመቻቸው። ለባለቤቴ የደረሳት በደሳ ጫት ሲነግድ የኖረ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ነው። እጅ ለእጅ መያያዝ ስላፈሩ የነጠላዋን አንድ ጫፍ ሰጠችው። እሱ እግሩን ሲያነሳ እሷም ታነሳለች፤ ስትንገዳገድ ነጠላውን ወጠር ያደርግላታል።

“አይዞሽ እህቴ፣ ቀስ!” ይላታል።

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ የሰማኋት ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ ነው።

ቤት ስንገባ “ሰውየው ወሬ ያበዛል” አልኳት።

“ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያጫውተው የለም፤ ምን ያድርግ?”

ይህንንም ነግሯታል ማለት ነው!

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ቀን ወደ ገበያ ስንወርድ እንደ ልማዴ ክንዴን ዘረጋሁላት። “ተወው፣ እችላለሁ” ብላ ቀድማኝ ወረደች። ያን ቀን ሰውየውንም ሙዚቃውንም ጠላሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመቀመጫዬ ተነስቼ መሀል ገባሁ። “ዛሬ ከባለቤቴ ጋር የምጨፍረው እኔ ነኝ” አልኩ። ሰውየው ሳያንገራግር የነጠላውን ጫፍ አቀበለኝ። ሙዚቃው ሲጀምር አንድ እግሬን አነሳሁ። ወዲያው ወደ ጎን ልወድቅ ስል እሱው ራሱ በብብቴ ሥር ደግፎ ያዘኝ።

“ኮቱ፣ ና ወንድሜ” አለኝ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅሎ። “እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበርኩ።”

ባለቤቴ ነጠላዋን ከእጄ ወሰደች። “አንተ ከእሱ ጋር ልመድ። እኔና አንተ ከተያያዝን ሁለታችንም እንወድቃለን።”

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጫት ነጋዴው ፊት ለፊት ቆሜ እወዛወዛለሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ባለቤቴ ደግሞ ከአንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋር ተጣምራለች፤ እሱም ማሳቅ ያውቅበታል። ዓይኔን ከእነሱ ላይ መንቀል አቅቶኛል።

“ወደ ፊት ተመልከት” ይለኛል ጓደኛዬ፣ “ትወድቃለህ።”