ኢንሻአላህ ጋቢና ትቀመጣለህ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መካነ ሰላም መናኸሪያ የደረስኩት ከሹፌሩ ቀድሜ ነው። ትጉህ ስለሆንኩ አይደለም፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። የተቀጠርኩት ደሴ በሚመላለስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ በረዳትነት ነበር። ረዳት ማለት በር የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ዕቃ ጣሪያው ላይ ሰቅሎ በሸራ የሚሸፍን፣ ትኬት አይቶ ሰውን በየወንበሩ የሚያስቀምጥ፣ ስድብ ሲመጣ ደግሞ ከሹፌሩ ቀድሞ የሚሰደብ ሰው ነው።

ሹፌሩ ጋሽ ሞላ ጨርቅ ሰጡኝና የፊቱን መስታወት እያስወለወሉ የሥራውን ሕግ ነገሩኝ።

«በሩን አጥብቀህ ዝጋ። ሸራውን አጥብቀህ እሰር። ጋቢናን ለማንም ቃል አትግባ።»

ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ያለችው አንዲት ወንበር ናት። እግር ይዘረጋባታል፤ የማንም ክርን ጎን አይወጋባትም። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ደሴ ሲደርስ ልብሱ እንደተተኮሰ ይወርዳል። ከኋላ የተቀመጠው ተጨምቆ እንደተሰጣ ጨርቅ ሆኖ ነው የሚወርደው።

የጋሽ ሞላ ምክር ጥሩ ነበር፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ። ሥራ ማግኘቴ ከተሰማ ጀምሮ ያቺን አንዲት ወንበር ለሦስት ሰው ቃል ገብቼባት ነበር። ቁርአን ላስተማሩኝ ሸህ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነቡ፣ ለድሮ ትምህርት ቤቴ ዳይሬክተር። ሦስቱንም ያልኳቸው አንድ ነው፦ «ኢንሻአላህ ጋቢና ይቀመጣሉ።» ሦስቱም በዚያው ጧት መጡ።

ጋሽ ሞላ አልተቆጡም። ሸሁን ጋቢና አስቀመጡ። እትዬ ዘነቡን በሩ ሥር ካለችው፣ የኔ ከነበረችው ታጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ዳይሬክተሩ እያጉረመረሙ ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ቁመቴ ረጅም፣ የመኪናው ጣሪያ አጭር ነው። ደሴ እስክንደርስ አንገቴን ሰብሬ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ ሲወርዱ አዩኝና «ትምህርት ቤት እያለህ እንዲህ አንገትህን ብትደፋ ኖሮ የት በደረስክ» አሉኝ።

ሸሁ ደግሞ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ ኢንሻአላህ ማለት ቃል ነው፤ ማምለጫ አይደለም» አሉኝ። ጋሽ ሞላ ይህን ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እንድሪስ መሆኑ ቀርቶ «ኢንሻአላህ» ሆነ። ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ ድረስ «ኢንሻአላህ የለም ወይ ዛሬ?» ብሎ የማይጠይቅ ተሳፋሪ አልነበረም።

አንድ ጊዜ የመኪናው ባለቤት ሐጂ ኡመር ሊያሳድጉኝ አሰቡና ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። የመጣው ሁሉ «በነቢ ይሁንብህ፣ መስኮት ጋ አድርገኝ» ይለኛል። እኔ እምቢ ማለት አልችልም። ሁሉንም መስኮት ጋ አደረግኳቸው። በማግስቱ አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል መስኮት ጋ ሁለት ሁለት ሰው ይጋፋል፣ መሐሉ ባዶ ነው። ሐጂ ራሳቸው መጥተው አዩና ወደ በሬ መለሱኝ። በር ማለቴ ነው፤ እሳቸው ግን በሆዳቸው የእርሻውን በሬ ሳያስቡ አልቀሩም።

እንዲህም ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ ራሴን እንደ ዳኛ ቆጠርኩ። መንገዳችን ላይ ባለው በጉጉፍቱ ደጋ ብርዱ ሲገባ «መስኮት ዝጉ» የሚሉትንና «ልጄ ሊያስመልሰው ነው፣ ክፈቱ» የሚሉትን አስታርቃለሁ። ባልና ሚስት ተለያይተው ሲቀመጡ አገናኛለሁ። አንዴ እንዲሁ አገናኝቻቸው ሚስትየዋ «ማን አገናኘን አለህ? ተጣልተን ነው!» ብላ መልሳ ተነሥታለች። ይህን ለማንም አላወራሁም። የተሳኩልኝን ብቻ ነበር የማወራው።

ዘሃራን ያመጣናት በዚያ በዳኝነቴ ዘመን ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ልንመለስ ነበር። ወንድሟ አህመድ ቀደም ብሎ መጥቶ የጋቢናውን ትኬት ቆርጦላታል። ከዐረብ አገር መመለሷ ነው። ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ አንገቷን ሳታጎነብስ መጣች። በሩ ላይ ላሉት ሽማግሌዎች ዝቅ ሳትል «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ አለፈች። አንዲት እናት «ወይ ጉድ፣ ባሕር ስትሻገር ማጎንበስ ረሳች» ሲሉ ሰማሁ። እኔም በልቤ አዎ አልኩ።

ችግሩ ጋቢናው ላይ ሌላ ሰው ነበር። አያ ይመር ይባላሉ፤ የሐጂ ኡመር አማች ናቸው። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተደላድለዋል። ሐጂ በጧት ደውለው «አማቼን ጋቢና አስቀምጥልኝ» ብለውኛል። እኔም እንደ ልማዴ «ኢንሻአላህ» ብያለሁ። ትኬቱ መሸጡን የሰማሁት በኋላ ነው።

«እታለም» አልኳት ዘሃራን፣ ድምፄን እንደ ማር አለስልሼ። «ከሹፌሩ ኋላ ያለው መደዳ ይሻልሻል። ሙቀት አለው።»

«ትኬቴ ጋቢና ነው የሚለው።»

«አያ ይመር ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

«አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ትኬቴ ግን ጋቢና ነው።»

ወደ አያ ይመር ዞርኩ። «አያ፣ ልጅቱ ትኬቱን ቀድማ ይዛለች። ለዛሬ ብቻ ከኋላ ቢሆኑልኝስ?»

«እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ የመኪናው ባለቤት ነው» አሉ ወደ ፊት እያዩ። «ከፈለግህ እሱን አስነሣው።»

ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሽማግሌ ይከበር» ይላል፣ ግማሹ «ትኬት ይከበር» ይላል። ጋሽ ሞላ ሞተር አጥፍተው ወረዱ። «ፍረድ እንጂ ዳኛው!» አሉኝ። ሐጂን ባስቀይም ከሥራ እወጣለሁ፤ ልጅቱን ብበድል ወንድሟ አህመድ እጁን ጨብጦ ቆሟል። እኔም የመጨረሻ ብልሃቴን አወጣሁ፦ «በየተራ ብትቀመጡስ? አያ እስከ አቀስታ፣ እሷ ከአቀስታ ወዲያ።» ሁለቱም ወገን ተስማምቶ ሰደበኝ።

ያኔ ዘሃራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አልጮኸችም፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«ስመጣ አውሮፕላኑ ላይ መሐል ወንበር ነበር የደረሰኝ። አሠሪዎቼ ቤት ደረጃ ላይ ወድቄ ወገቤ ተጎድቷል። መታጠፍም ብዙ መቀመጥም አልችልም። ቆሜ አለቀስኩ። አስተናጋጇ ተቀመጪ ትለኛለች፣ በጎኔ ያለው ሰው ቦታ ልቀቂልኝ ይለኛል። ከፊት፣ መጋረጃው ወዲያ ካለው ክፍል፣ አንድ ሰውዬ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ያገራችን ሰው። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ነገርኩት። የኔ ወንበር ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፣ ሂጂ ተኚበት አለኝ። አስተናጋጇ አለቃዋን ጠይቃ ወሰደችኝ። እውነትም አልጋ ሆነ። ትራስ ሰጡኝ፣ ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ያስነሡኛል ብዬ ስፈራ ቆየሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ። ከወደቅሁ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ስነቃ ሰውዬው የኔ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል።»

ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን።

«እናንተ ከጧት ጀምሮ ስለ ትኬቴ ጠየቃችሁኝ። ምን ሆነሻል ያለኝ የለም።»

 አንገቷን ያላጎነበሰችው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ወሬኛዋ እናትም ገባቸው መሰለኝ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

አያ ይመር ከጋቢናው ወረዱ። ልብ ያለው ሰው ነው አልኩ በሆዴ። እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው ጎን ወሰዱኝና በጆሮዬ አሉኝ፦ «እለቅላት ነበር። ግን ከኋላ ከተቀመጥኩ ያስመልሰኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልናገር?»

እንዲህ ያለ ምስጢር ሲሰማ ብልህ ረዳት ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ መላ ይፈልጋል። እኔ ግን ነገሩ የተፈታልኝ መስሎኝ ደስ አለኝና ወደ አውቶቡሱ ዘወር ብዬ ጮኽኩ፦ «ጀመዓ! አያ ይመርን እኮ ከኋላ ሲቀመጡ ስለሚያስመልሳቸው ነው!»

አያ ይመር ከዘራቸውን ሲያነሡ አይቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ግን ሳቁ ሳያልቅ ከመሐል አንዱ «እኔንም ያስመልሰኛል» አለ። ሌላዋ «እኔማ ሎሚ ይዤ ነው የምሄደው፣ እንኩ ለአያ» ብላ ከቅርጫቷ አወጣች። ወሬኛዋ እናት ፌስታል አቀበሉ። ለካ ግማሹ መኪና በየልቡ ተደብቆ ሲታመም ነው የኖረው።

ዘሃራን ጠጋ ብዬ «ምን ቢሆንልሽ ነው የሚሻልሽ?» አልኳት። በዚያ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«መጋደም ባገኝማ ጋቢናውንም አልፈልገውም» አለችኝ።

ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ሦስት ሰው የሚይዝ ነው። የተቀመጡበት ሰዎች ሳይለመኑ ተነሡ። ሁለቱ መተላለፊያው ላይ ትንንሽ በርጩማ አድርገው ተቀመጡ፤ አንዱ የኔን ታጣፊ ወንበር ወሰደ። ወሬኛዋ እናት ጋቢያቸውን አጥፈው ከወገቧ ሥር አደረጉላት። አህመድ እንዳትንከባለል እጁን ዘርግቶ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አያ ይመር ሎሚያቸውን እያሸተቱ ጋቢናቸው ገቡ። እኔ እንደተለመደው ቆምኩ።

ጋሽ ሞላ ያን ቀን እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዱ። መካነ ሰላም ስንደርስ እናቷ መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ተጋድማ ሲያዩ «ያ ረቢ!» ብለው ሊወድቁ ነበር። ዘሃራ ከወንበሩ ላይ «አለሁ እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ደልቶኝ ነው የተኛሁት» አለቻቸው። ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። በኋላ ታክማ ተሻላት፤ ዛሬ ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ አላት። ሐጂ ኡመር አላባረሩኝም። አማቻቸውን በሕዝብ ፊት ስላዋረድኩ ግን ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን በግማሽ ነበር የሚመልሱልኝ።

እንግዲህ ከዚህ ተምሬ ይሆናል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ሥራ ካቆምኩ በኋላ ጅዳ የምትሠራው ልጄ ዑምራ እንዳደርግ ትኬት ላከችልኝ። አውሮፕላን ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ያንን ዘሃራ ያወራችልንን ክፍል ነው። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ እግር መዘርጊያው ከኔ ቁመት ይተርፋል። በእጄ ነካ አደረግኩት። ከዚያ፣ ለሙያዬ ስል፣ ተቀመጥኩበት። አስተናጋጇ መጣች።

«አባባ፣ ትኬትዎን ያሳዩኝ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ላይ ስናገረው የኖርኩት ቃል በኔ ላይ ሲነገር እንዲህ የሚያሳፍር መሆኑን አላውቅም ነበር። «እየሞከርኩት ነው ልጄ» አልኳትና ተነሣሁ።

የኔ ወንበር ከኋላ፣ መተላለፊያው ዳር ነው። ከጎኔ መሐል ላይ አንዲት ባልቴት አሉ፤ ከኩታበር ነው የመጡት፤ እሳቸውም ለዑምራ ነው። መስኮቱ ጋ አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዐይኑን ጨፍኗል። እኚህ እናት መሐል ተጣብቀው እሱ መስኮት ይዞ ይተኛል? ደሜ ፈላ። ቀሰቀስኩት።

«ወንድሜ፣ ለእናትህ መስኮቱን ልቀቅላቸው እንጂ። አገር ይዩበት።»

ልጁ ጨዋ ነው፣ ወዲያው ተነሣ። ባልቴቷ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ እኔ «ግድ የለም እናቴ፣ ይሂዱ፣ ይሂዱ» እያልኩ ገፋ አድርጌ አሻገርኳቸው። ቀበቷቸውንም አሠርኩላቸው። በሥራዬ ረክቼ ወደ ኋላዬ ተደገፍኩ።

አውሮፕላኑ ተነሣ። መሬቱ ወደ ታች ሲሸሽ ባልቴቷ «ያ አላህ!» ብለው ጮኹ። በልጁ ላይ ተሻግረው ክንዴን ጨበጡ።

«ምን አድርጌህ ነው? ልጄ ተጨንቆ መሐል ያስያዘልኝ ከፍታ ስለምፈራ ነው! ማን መስኮት አምጣልኝ አለህ?»

መነሣት ክልክል ነበር። የቀበቶው መብራት እስኪጠፋ ድረስ ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ቆየ። ልጁ በሁለታችን መሐል እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ነበር። በኋላ አስተናጋጇ መጥታ ወደየቦታቸው መለሰቻቸውና መስኮቱን ጋረደችው። ባልቴቷ ዱዓቸውን ቀጠሉ፤ እኔ የገባሁበት አልመሰለኝም።

አስተናጋጇ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ገበሬ ነኝ» አልኳት።

ዛሬ በር ላይ ለምትቆሙ ረዳቶች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው ወንበር ሲፈልግ ምክንያት አለው፤ አልነሣም ሲልም ምክንያት አለው። ከማቀያየራችሁ በፊት ሁለቱንም ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ባሉበት ተዉአቸው።