የአምደወርቅን ደብዳቤ የምትከፍተው ዝናሽ

የደሃና ከተማ አምደወርቅ ላይ ዝናሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ዛሬ ከመኪና የወረደ ነው፣ ወይ ማር አይበላም። እኔ እንግዳው እባላለሁ፤ የማር ድርጅታችን ሹፌር ነኝ። ከሰቆጣ ደሃና፣ ከደሃና ሰቆጣ ስመላለስ የሚያልቀው ጎማው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዕድሜዬም አብሮ እየሄደ ኖሯል። ሰው ስለ ዝናሽ ሲያወራ እሰማና እበሽቃለሁ። አንዱ «ቤሩት ደርሳ ስለመጣች ነው» ይላል፤ ሌላው «ዕድለኛ ናት» ብሎ ይዘጋዋል። እሺ፣ ዕድል ነው እንበል። ግን ያ ዕድል ከእጇ ሊያመልጥ ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ያየሁት እኔ ነኝና ልናገር።

ዝናሽ የተወለደችው ከአምደወርቅ ከፍ ብሎ ካለው የገብስ አገር ነው። አሥረኛ ክፍል ስትፈተን ውጤቱ አልመጣላትም፤ አገባች። ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ በወባ እዚያው ቀረ። ልጃቸው እየሩስ ገና ጡት ስትተው፣ ዝናሽ ሕፃኗን ለታላቅ እህቷ ለማንጠግቦሽ ሰጥታ ቤሩት ገባች። እዚያ የምታገለግላት አሮጊት ልጆቿ በየአገሩ ተበትነው በኢሜይል ነበር የሚጽፉላት። የሴትዮዋ ዓይን ስለደከመ ኮምፒውተሩን መክፈት፣ የመጣውን መፈለግ፣ መልስ መላክ የዝናሽ ሥራ ሆነ። ሙያውን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው እንጂ ኮሌጅ ገብታ አይደለም።

ስትመለስ እየሩስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ነበር። «እናትሽ መጣች» ሲሏት ሮጣ ማንጠግቦሽ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። ዝናሽ ይህን ያጫወተችኝ መኪና ውስጥ ነው። «ያኔ አያ እንግዳው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ» አለችኝ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም። ከእህቷ ግቢ ጎን ቤት ሠራች፤ ልጅቷን ቀስ እያለች አለማመደቻት። መጀመሪያ ፀጉሯን መሥራት፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ቆይቶ አንድ አልጋ ላይ ማደር። ልጅቷም ለመደቻት። ነገር ግን ሲያማት ወይ ስትደነግጥ የምትሮጠው ወደ አክስቷ ነበር። ያኔ የዝናሽ ልብ ይቆስላል።

ድርጅታችን ትንሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደጅይጥኑ ደግ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ የቢሮውን አምፖል ራሳቸው እየዞሩ ያጠፋሉ። ከአናቢዎች ነጭ ማር እንገዛለን፣ አጣርተን አዲስ አበባ እንልካለን፣ ከዚያ ባሕር ይሻገራል። ገዢዎቹ በየጊዜው ይጽፋሉ፤ «ዋጋ ጨመረ»፣ «ማሩ ውሃ በዝቶበታል»፣ «ለመስከረም አድርሱልን»። ድሮ ያንን ሁሉ ወረቀት አምደወርቅ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። ዋጋ ጨምሯል የሚለው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ እኔ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሬ አድራለሁ። ስደርስ ሰዉ ማሩን ለሌላ ነጋዴ በርካሽ ሸጦታል፤ ከዚያ የሚሰደበው ሹፌሩ ነው።

ከሚሌኒየሙ በፊት በነበረው ዓመት አቶ ደጅይጥኑ ሰርቨር የሚባል ሣጥን ከአዲስ አበባ አስመጡ። ሰቆጣ ቢሮ ትንሿ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ፤ ለኛ ያልተገዛ ማራገቢያ ለሱ ተገዛለት። የድርጅቱ ደብዳቤ ሁሉ የሚመጣው እሱ ላይ ነው። ግሩሙ ነገር ግን፣ የአምደወርቅ ግዢ ጣቢያ ኃላፊ የሆነችው ዝናሽ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ገብታ፣ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ሰጥታ፣ ሰቆጣ የተቀመጠውን ደብዳቤ እዚያው ደሃና ላይ ሆና ትከፍተዋለች። ሣጥኑን ያመጣው ነጋዴ ለሙከራ ነው ብሎ ለጊዜው ለሁሉም ክፍት አድርጎት ነበር።

የገበያ ቀን አናቢው ሁሉ ጣቢያው ግቢ ይሰበሰባል። ዝናሽ የመጣውን ታነባለች፤ ቀጥላ አማርኛ ለሚከብዳቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ትደግመዋለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ገብረ አምላክ ናቸው፤ ቀፏቸው የበዛ፣ ነገራቸውም የበዛ። «እስቲ ያቺን ድገሚያት» ሳይሉ ያለፈ ደብዳቤ የለም። መልስ ሲጻፍም «ዋጋው ቀጥሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ እንዴት ሰነበተ በይው» ይላሉ። ዝናሽም ትጽፋለች። ያ ባሕር ማዶ ያለ የማር ገዢ ስለ ልጆቹ ጤና ከደሃና ተራራ ሲጠየቅ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ብቻ መልስ መስጠቱን አላቋረጠም።

ግንቦት ላይ የሙከራው ጊዜ አለቀ። ሻጩ ስልክ ደወለና፣ ከእንግዲህ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ፣ ክፍያውም በሰው ነው፤ ከቢሮ ውጭ በኢንተርኔት የሚያየውም ይቆጠራል አለ። አቶ ደጅይጥኑ ወዲያው ወደ አምደወርቅ ደወሉ።

«ዝናሽ፣ አንቺ ጋ ኢሜይሉ ለስንት ሰው ነው?»

እዚህ ላይ የኛን አገር ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ዋግ ውስጥ «ስንት ናችሁ?» ሲባል በዘፈቀደ አይመለስም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ እህል ሲታደል፣ ስሙ ያልተጠራ ሰው ምን እንደ ሆነ ያየ ትውልድ ነው ያለው። ዛሬም ቆጣሪ ሲመጣ ሜዳ የዋለውን ጎረቤቱ ይጠራለታል። ሰውን ከቁጥር ማስቀረት እኛ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ዝናሽ በራሷ አልመለሰችም፤ በገበያው ቀን ጉባኤውን ጠየቀች። አባ ገብረ አምላክ ተነሥተው ማስቆጠር ያዙ።

«ጎረቤቴ ምሳው ቆላ ወርዷል፤ እሱንም ያዥልኝ። ደብሬ እግሯን አሟት ነው የቀረች፤ ሲነግሯት ትሰማለችና እሷንም። የፋንታሁንን ልጆች እንዳትረሽ፣ ነገ ቀፎ ይሰቅላሉ።»

ዝናሽ ማንንም ሳታስቀር የሁሉንም ድምር ለሰቆጣ ነገረች። እኔ ቢሮ ነበርሁ። አቶ ደጅይጥኑ በዚያ ቁጥር ዋጋ ተሠርቶ ሲነገራቸው ስልኩን እንደ ያዙ ቁጭ አሉ። «ቀፎውን፣ መኪናውን፣ እኔንም ጨምረው ቢሸጡ አይበቃም!» አሉ። ቀጥለው ቁርጡን ተናገሩ። ከቢሮ ውጭ ኢሜይል ማየት ቀረ፤ የአምደወርቁ ኮምፒውተር ይመለስ፤ ዝናሽም ከሐምሌ ጀምሮ ሰቆጣ ትሥራ፤ ደብዳቤውን እንደ ድሮው እንግዳው ያድርስ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እንደ ድሮው ጭቃ ውስጥ!

ወሬውን ለዝናሽ ያደረስሁት እኔ ነኝ። ማር እየመዘነች ነበር። «እሺ» አለችና መመዘኗን ቀጠለች። ደመወዙን ብትተው በምን ትኖራለች? ማታውን እኔም ባለሁበት እህቷን ስታማክራት ማንጠግቦሽ በቅን ልቧ «ምን ያስጨንቅሻል እቴ፣ እየሩስ እንደ ድሮው ከኔ ጋር ትሆናለች» አለቻት። እንደ ድሮው። ያቺ ቃል ዝናሽን ስትወጋት አየሁ። «ልጅቷን አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ብለሽ ለምን አትጠይቂያትም?» ብላት፣ «አልሄድም ብትለኝስ አያ እንግዳው?» አለችኝ። 

ከሻጩ ድርጅት ፀደይ የምትባል ወጣት ባለሙያ መጣች። አቶ ደጅይጥኑ የአምደወርቁን ኮምፒውተር እንድትፈታ ከኔ ጋር ላኳት። መንገዱ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ በየጠመዝማዛው «እመቤቴ!» እያለች ደረሰች። የገበያ ቀን ነበርና ግቢው ሞልቷል፤ ዝናሽ ቆማ ታነባለች። ፀደይ ዳር ይዛ ስታይ ቆየችና ወደኔ ዞረች።

«እነዚህ ናቸው እንዴ ለፈቃድ የተቆጠሩት?»

«አዎ፤ የቀሩም አሉ።»

«ኮምፒውተሩን የሚከፍቱት ግን የትኞቹ ናቸው?»

አባ ገብረ አምላክ ሰምተው ኖሮ ቀልጠፍ ብለው መለሱላት። «የምትከፍተውማ ዝናሽ ናት፣ ልጄ። እኛ እንሰማለን።»

ፀደይ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ የንቀት አልነበረም። ፈቃድ የሚያስፈልገው በስሙ ገብቶ ለሚከፍት ሰው ብቻ እንደ ሆነ አስረዳች። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጫን በኢንተርኔት ቢከፈትም የከፈተው ሰው ይከፈልበታል፤ የሚሰማ ግን አይከፈልበትም። «ስለዚህ አምደወርቅ ላይ ያለችው አንዲት ሰው ናት» አለች።

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር።  አባ ገብረ አምላክ ግን ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «እኛስ? ሰረዝሽን?» አሉ። ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ፤ አንዷ ሴት «ደሞ ልንቀር ነው?» ስትል ሰማሁ። ፀደይ ግራ ገባት፤ ፊቷ ቀላ። ልጅቷ አሳዘነችኝና ገባሁበት።

«አባቴ፣ እኔ ስነዳ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ የለም?»

«እቀመጣለሁ።»

«መንጃ ፈቃድ አለዎት?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲህ ይኸው ነው። ፈቃዱ የዝናሽ ነው፤ እናንተ ተሳፍራችኋል፤ ማንም አላወረዳችሁም።»

ተመካከሩ። በአማርኛም በኽምጣናም ተመካከሩ። በመጨረሻ አባ ገብረ አምላክ «በገዛ ፈቃዳችን ከቁጥር ወጥተናል» ብለው ለፀደይ አስታወቁ። እንዲህ ዓይነት ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ያ ሁሉ ሰው ለዝናሽ ሲል ከቁጥር ወጣ! በማግስቱ ማለዳ ኮምፒውተሩ ሳይፈታ ተመለስን፤ አባ ገብረ አምላክም «ነገሩን እኔው ጨርሼው ልምጣ» ብለው ጋቢና ገቡ።

ሰቆጣ ስንደርስ አቶ ደጅይጥኑ ነገሩን ሰምተው እፎይ አሉ። ግን አላለቀም። ከሰርቨሩ ጋር የመጣው ፈቃድ ቢሮው ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ከቢሮ ውጭ ለሚከፍት ሰው ሌላ መግዛት ግድ ነው፤ የድርጅቱ አቅም ደግሞ ከአንድ ተጨማሪ በላይ አይገዛም። ያቺን አንድ ፈቃድ ለራሳቸው አስበዋታል፤ ወር በገባ ቁጥር አዲስ አበባ ይሄዳሉና፣ ሆቴል ተቀምጠው ደብዳቤ መክፈት ለምደዋል። «ዝናሽ እዚህ ትምጣና ትሥራ፤ ምን ይጎድልባታል?» አሉ።

አባ ገብረ አምላክ አልተቆጡም። «ደጅይጥኑ ልጄ፣ እኛ ከቁጥር ወጥተን መጥተናል። በኛ አገር ይህ ቀላል አይደለም፤ አንተም ታውቀዋለህ። አሁን አንተም ውጣ።»

«እኔ ከወጣሁ አዲስ አበባ ላይ የተጻፈልኝን በምን አውቃለሁ?»

«ስልክ አለህ አይደል? እንደኛ ታነብልሃለቻ። ዝናሽን ግን አታምጣት። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ከልጇ ብትለይ፣ እኔ ላንተ ማር አላመጣም።»

አቶ ደጅይጥኑ መጀመሪያ ተኮሳተሩ። ቆይተው ሳቅ አፈናቸው፤ ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወደ ፀደይ ዞረው «በይ እኔንም ሰርዥኝ፣ የዝናሽን አስገቢ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ሲወርዱ ጠዋት ጠዋት ይደውሉላታል። «እስቲ ያቺን ድገሚያት» ማለት እሳቸውም ጀምረዋል አሉ።

እኔ ግን ያን ዕለት ማደር አልቻልሁም፤ ከሽማግሌው ጋር ያንኑ መንገድ መልሼ ነዳሁት። ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ዝናሽ ደጃፏ ላይ ገብስ ታበጥራለች፣ ማንጠግቦሽም አብራት አለች። ከመኪናው ሳልወርድ «አትሄጂም! ፈቃዱ ባንቺ ስም ወጥቷል!» ብዬ ጮህሁ። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። እዚያው እገብሱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አባ ገብረ አምላክ ሊያጽናኑ ሞክረው እሳቸውም አብረው አለቀሱ።

ይህን ጩኸት ሰምታ እየሩስ ከአክስቷ ቤት ወጣች። አቅፋ የያዘችው ነገር ነበር፤ በነጠላ የታሰረ ጓዝ ነው፣ የደብተር ጫፍ ወጣ ብሎበታል። እናቷን አየች፣ እኔን አየች።

«አንሄድም ማለት ነው?» አለች።

ዝናሽ ቀና አለች። «የት ነው የማንሄደው?»

«ሰቆጣ ነዋ። ከሰማሁ ቆየሁ። ልብሴን አስሬ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ ብዬ።»

ማንጠግቦሽ አፏን በመዳፏ ያዘች። እሷም ስለ ጓዙ ምንም እንዳላወቀች ከፊቷ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ዝናሽ እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ጓዟን እንዳቀፈች ሄዳ ጭኗ ላይ ተቀመጠች።