ቮልሴን ባሕር ለማሻገር፦ ከኮልፌ እስከ አሰብ ወደብ

ከኮልፌ የተነሳነው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው። የጉዞው ዓላማ ውሃ ሰማያዊ ቮልስዋገኔን አሰብ ወደብ አድርሼ ሞምባሳ በሚሄድ መርከብ ላይ ማስጫን ነበር። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሞምባሳ አጠገብ ያለ አንድ ሆስፒታል በየገጠሩ እየዞርኩ ነፍሰ ጡሮችን እንድከታተል ቀጥሮኛል፤ ሥራው ግን የራሷ መኪና ላላት ነርስ ብቻ ነው። መኪናዋ ካልተሻገረች እኔም አልሻገርም።

ቮልሷን የሰጡኝ አባቴ ናቸው። አባባ ዕድሜያቸውን በአሰብ መስመር ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሽ በቀለ ይላቸዋል። ተገጭታ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ጓሮ ወድቃ አገኟትና በርካሽ ገዝተው፣ ብሎን በብሎን ፈትተው እንደገና ገጣጠሟት። መንዳትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲያስተምሩኝ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ፍሪሲዮኑን በደንብ ከለቀቅሁ ዝም፣ መኪናዋን ካንገጫገጭኋትም ዝም።

የቅጥሩን ወሬ ነገርኳቸው። ሲያስቡ ሰንብተው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠሩኝ።

«መኪናዋ ያንቺ ናት። ግን አሰብ ድረስ ራስሽ ትነጃታለሽ፤ እኔ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። አንዴ ‹መሪውን ይያዙልኝ› ካልሽኝ፣ ከዚያው ቦታ አዙሬ ወደ ኮልፌ እመልሳታለሁ።»

«ምነው አባባ?»

«ምነው የለውም። በሰው አገር ገጠር ለገጠር ብቻሽን ስትዞሪ መሪውን ማን ይቀበልሻል?»

እናቴ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆማ ሰምታ ኖሮ ማታ ወደ አልጋዬ መጣች። «አባትሽ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ተኝቶ አያውቅም» አለችኝ። «ተጋብተን ከመንዝ ስንመጣ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፌን ስለጥጠው፣ ሙሽራው ሾፌሩን ሲጠብቅ ነው የዋለው። አንቺ እግሩን እያየሽ ንጂ። አፉ ባይናገር እግሩ ይናገራል።»

የሐሙሱ ሽኝት ጉድ ነበር። እናቴ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ያመጣችውን ጠበል መኪናዋ ላይ ረጨች፤ ከኋላ ወንበር አንድ ከረጢት በርበሬና አንድ ከረጢት ሽሮ ጫነችልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ለብሶ በር ላይ ወጥቷል። መኪናዋ በመርከብ እንደምትሄድ፣ እኔ ግን አድርሻት በሳምንቱ እንደምመለስና በኋላ በአውሮፕላን እንደምከተላት ደጋግሜ ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ስንቅ ተቋጥሮ፣ ጠበል ተረጭቶ «ገና አልሄድኩም» ማለት ለኮልፌ ሰው የማይመስል ነገር ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ አስካለ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አብሬ አለቀስኩ።

ጣርማበር

በመርካቶ አድርገን፣ አራት ኪሎን አልፈን በኮተቤ በኩል ወጣን። ሰንዳፋ ላይ ፀሐይ ወጣች። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ሻይ በዳቦ በላንና የጎማዎቹን ነፋስ አይቼ ተነሳን። እስከዚያ ድረስ ኮርቼ ነበር የምነዳው። የአባባ ቀኝ እግር ግን ከኮተቤ ጀምሮ ሥራ አልፈታም። እኔ ፍሬን ከመያዜ በፊት እሳቸው ወለሉን ይረግጣሉ።

ከጣርማበር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀምር ጉም መንገዱን ሸፈነው። ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ የሚታየኝ ነገር የለም። አንዱ ጎን ተራራ፣ አንዱ ጎን ገደል መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጅ ሳለሁ በክረምት ዕረፍት ከአባባ ጋር በጋቢና ተቀምጬ ያለፍኩበት መንገድ ነው። ድንገት አንድ የተጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ጥጌን ይዤ ቆምኩ። ሲያልፈን ቮልሷ ተርገፈገፈች። ካለፈም በኋላ ማርሽ ማስገባት አልደፈርኩም።

«ልያዝልሽ?» አሉ አባባ።

ድምፃቸው እንደ ወትሮው ደረቅ አልነበረም፤ አዝነውልኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሲያዝኑልኝ ወርጄ መሪውን ላስረክባቸው ምንም አልቀረኝም። በሩን ለመክፈት እጄን ከሰደድኩ በኋላ ነው ሞምባሳ ትዝ ያለኝ።

«የለም አባባ፤ ይቀመጡ» አልኩና በአንደኛ ማርሽ ተንቀሳቀስኩ። በኋላ ሁለተኛ አስገብቼ፣ ፍሬኑን ሳላግል፣ ሞተሩ ራሱ እየያዛት ቁልቁለቱን ተንፏቅቄ ጨረስኩት። ደብረ ሲና ላይ አባባ ቆሎ ገዝተው ግማሹን መዳፌ ላይ ዘረገፉልኝ።

ኮምቦልቻ

ያደርነው ኮምቦልቻ፣ ሾፌሮች በሚያድሩበት ቤርጎ ነው። አልጋው ሁለት ብር፣ ሲጢጥ ማለቱ እስከ ሰማይ ቤት ይሰማል። እራት ላይ የአባባን የድሮ ባልደረባ ጋሽ ሰይድን አገኘን። ዛሬም በዚያው መስመር ባለ ተሳቢ መኪና ይነዳሉ፤ አሰብ አራግፈው ሲመለሱ እኛን ይዘው ሊመጡ ተስማሙ። ይህን ቁም ነገር ከጨረሱ በኋላ ግን ጠረጴዛው ሙሉ ሾፌር እየሰማ ሳቁባቸው።

«በቀለ፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እየነዳችህ መጣህ? እንግዲህ ወንበር ተለዋወጣችሁ ማለት ነው!»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። አባባ አንድ ቃል እንዲመልሱ ጠበቅሁ። ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡና ውሃ ጠጡ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ከፋኝ። በዚያ ጉም ያወረድኳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ?

ከባቲ ቁልቁል

በማግስቱ ባቲን አልፈን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። የተጫኑት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው በየዳገቱ ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ለራዲያተር ውሃ ይሸከማሉ። ቮልሷ ግን ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ውሃ ስጡኝ አትልም። ጋሽ ሰይድም ከቆሙት መካከል ነበሩ፤ ጎሕ ሳይቀድ ነበር ቀድመውን የወጡት። ከውሃችን አንድ ጀሪካን አወረድኩላቸውና በትሕትና እጅ ነስቼ፣ ጡሩምባዬን ሁለቴ ነፍቼ አለፍኳቸው። ሁለተኛው ለትናንቱ ሳቅ ነው።

ከሚሌ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት፣ መኪና ሁሉ በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ይሻገራል። ዳር ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ ከግመሎቻቸው ጋር ቆመዋል።

«ትናንት ትንሽ መኪና ገባ» አሉን በተሰባበረ አማርኛ። «ሰው ጎተተ፣ እምቢ። ግመል ጎተተ፣ ወጣ።»

አባባ ወርደው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እኔ ጫማዬን አውልቄ እስከ ማዶ በእግሬ ሄድኩ፤ አሸዋው የሚጠልቅበትንና የሚጠነክርበትን በተረከዜ ለየሁ። ተመልሼ በክብሪት እንጨት ከአራቱም ጎማ ጥቂት ጥቂት ነፋስ አስተነፈስኩ። ጎማው ለስለስ ሲል አሸዋው ላይ ይተኛል እንጂ አይቆፍርም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አባባ ሲያደርጉት በልጅነቴ ከጋቢና ሆኜ ያየሁት ነው። ከዚያ ገባሁ፤ ማርሽ ሳልቀይር፣ እግሬን ከነዳጁ ሳላነሳ፣ አንዴም ሳልቆም ማዶ ወጣሁ። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱልኝ። ግመሎቻቸውን ሳላስቸግር በመውጣቴ ኩራት ተሰማኝ።

ማዶ ላይ ጎማዎቹን በእጅ ፓምፕ መልሼ ስነፋ አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። ገብተን ቀጠልን። ሰርዶ ሳንደርስ እንደ ልማዴ እግራቸውን አየሁ። ወለሉን አይረግጥም፤ ተዘርግቷል። ባርኔጣቸው ዓይናቸው ላይ ወርዷል። መጀመሪያ ሙቀቱ የጣላቸው መሰለኝና ደነገጥኩ። ወዲያው ማንኮራፋታቸውን ሰማሁ።

ደስታዬን የማካፍለው ሰው አልነበረኝም፤ ያለው አንድ ሰው ተኝቷል። እንዳይነቁ ብዬ ጉድጓድ በጉድጓድ እየመረጥኩ፣ ፍሬኑን በጣት ጫፍ እንደ መንካት አድርጌ ያን ሁሉ ጥቁር ድንጋይ አቋረጥኩት። ኤሊዳር ላይ ነቁና ባርኔጣቸውን አቃኑ።

«ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ ጨፈን አድርጌው ነበር» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» አልኩ። ፀሐይዋ በእኔ በኩል ነበረች።

ወደቡ

መንገድ ላይ ማንዳ አድረን በማግስቱ አሰብ ደረስን። አየሩ እርጥብ ነው፤ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። መርከቧ ከጠበቅኩት በላይ ግዙፍ ነበረች። የጭነቱ አለቃ፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ የጣሉ ወፍራም ሰው፣ መኪናዋ ባዶ ካልሆነች አትጫንም ብለው በርበሬውንና ሽሮውን አስወረዱን። ቀጥሎ የሚቀረው መኪናዋን በሁለት ጠባብ ሳንቃ ላይ አውጥቶ ክሬኑ የሚያነሳው መድረክ ላይ ማቆም ነው። ጎማው ከሳንቃው በአንድ ጣት ቢስት መኪናዋ በሆዷ ትቀመጣለች። አለቃው ወደ አባባ ዞሩ።

«አባት፣ ቀስ ብለው ያውጡልን። ልጅቷ ትውረድ።»

ወደብ ደርሰናል፤ የቀረው አሥር እርምጃ አይሞላም። አባባ ያን መሪ ከያዙ ግን ቃላቸው ቃል ነው፤ ቮልሷ ወደ ኮልፌ ትመለሳለች። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው እኛን ያያሉ፤ ዘግይተው የደረሱት ጋሽ ሰይድም ከመካከላቸው ቆመዋል።

«እኔ ሾፌር አይደለሁም» አሉ አባባ። «ተሳፋሪ ነኝ። ሾፌሯ እሷ ናት።»

«እንዴ፣ ሳንቃው እኮ ጠባብ ነው አባት፤ ሴት ልጅ...»

«ጣርማበርን በጉም ያወረደችኝ እሷ ናት። ወይ እሷ ታወጣታለች፣ ወይ መኪናዋ አትወጣም።»

መስታወቱን አወረድኩና አንገቴን አወጣሁ። የግራ ጎማዬ ሳንቃውን ሲነካ ተሰማኝ። ቀኙ እንደ ግራው ልክ መሆኑን ለማመን እንጂ ለማየት መንገድ የለም። አባባ ከፊት ለፊቴ ቆመዋል፤ ግን በእጃቸው ግራ ቀኝ አላሉም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ነው የቆሙት። ወጣሁ፣ ቆምኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ወረድኩ። አለቃው «ይበል!» ብለው ሳንቃውን አስነሱ። ቮልሷ ከእነአቧራዋ ወደ ሰማይ ስትወጣ፣ ከሥሯ ባሕሩ ሲታይ፣ ዕንባዬ መጣ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አሰብ ላይ የነበረ አይመስለኝም። ጋሽ ሰይድ ወደ አባባ አዩ፤ በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

መልስ

በጋሽ ሰይድ ጋቢና ሦስት ሆነን፣ ከረጢቶቹን እግራችን ሥር ይዘን ተመለስን። አባባ እስከ አዲስ አበባ ዓይናቸውን አልከደኑም። በየመታጠፊያው ወለሉን ይረግጣሉ።

«በቀለ፣ እስቲ ትንሽ ጋደም በል» አሏቸው ጋሽ ሰይድ።

«አንተ ስትነዳ?»

ጣርማበርን ስንወጣ ሰማዩ ጠርቶ ገደሉ እስከ ሥሩ ይታይ ነበር። ባይታየኝ ነው ለካ ያለፍኩት። አባባ ወደ ገደሉ እያዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሞምባሳ በግራ ነው የሚነዱት አሉ» አሉኝ። «እኛም ድሮ በግራ ነበር። እኔ በግራ አርጅቼ ቀኝ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ አንቺም ትለምጃለሽ።» ይህ የስንብት ምርቃታቸው መሆኑ ገባኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ አባቴ ሲናገሩ የኖሩትን እኔ በጆሮዬ ብቻ ስጠብቅ ኖሬ እንዳልሰማሁት ነው።

ኮልፌ ስንደርስ ሰፈሩ በድንጋጤ ወጣ። አልቅሰው የሸኙት ሰው በሳምንቱ ከነበርበሬው ሲመለስ ምን ይበሉ? እናቴ ከረጢቱን ተቀብላኝ፣ «ታዲያ ምኑ ነው የሄደው?» አለች። እትዬ አስካለ ግን ወደ አባባ ሄዱ።

«ጋሽ በቀለ፣ እንኳን በሰላም መጡ! መንገዱ እንዴት ነበር? ልጅቷስ አላስቸገረችዎትም?»

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ። «ከሚሌ ወዲያ ያለውን እንኳ አላየሁትም» አሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ተኝቼ ነበር።»

«ውይ በሞትኩት፣ አሞዎት ነበር እንዴ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ተኛ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እስኪያንኮራፉ» አልኳት።

እናቴ የበርበሬውን ከረጢት መሬት አስቀመጠችና እልልታዋን አቀለጠችው። እትዬ አስካለ ነገሩ ባይገባቸውም ተከትለው እልል አሉ።