እጅ የማይቀይር መሶብ

ከናዲራ ጋር ያስተዋወቀኝ የእርጥብ ሣር ሽታ ነው። ሙረባዕ በሚባል የሪያድ ሠፈር ባለ አንድ አሮጌ ፎቅ እኛ ላይ፣ እነሱ ታች እንኖር ነበር። የእኛም የእነሱም የመታጠቢያ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደ አንድ ጠባብ የአየር መተላለፊያ ነው። ከዚያ ውስጥ በየቀኑ የእርጥብ ሣር ሽታ ይወጣል። እንግዲህ ሪያድ ውስጥ፣ ደመና እንኳ ብርቅ በሆነበት አገር! ባለቤቴ በላይነህ መሐንዲስ ነውና "ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል" አለ። እኔ ግን የቧንቧና የሣር ሽታ አይምታታብኝም። ወርጄ አንኳኳሁና ገና በሩ ሲከፈት ከሰላምታ በፊት፣

"እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚታጨደው?" አልኩ።

የከፈተችልኝ ረጅም ጠይም ሴት ነበረች። ወስፌዋን ከጥርሷ መሀል አውጥታ ሳቀች። "የሚሰፋ እንጂ የሚታጨድ የለም። ግቢ እህቴ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተኛ ሆንኩ።

ናዲራ፣ ባሏ ጣሂርና ታናሽ እህቷ ሳሊሃ የወሎ ልጆች ናቸው። የቤቱ ሥራ ስፌት ነው፤ መሶብ፣ ሰፌድ፣ አገልግል፣ ሙዳይ። ጣሂር የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሾፌር ሲሆን ከሥራ ሲመለስ ጣራ ላይ ወጥቶ ቀለም ያፈላል፤ ሣሩን የሚነክረው እሱ ነው። ጣቶቹ ከቀይና ከሐምራዊ ቀለም ጠርተው ስለማያውቁ የአሠሪው ሚስት "ሂና የምትቀባህ ማን ናት?" እያሉ ያሾፉበት ነበር። ያለቀውን ሥራ ሱወይዲና ሹመይሲ በሚባሉት ሠፈሮች ላሉ ሐበሾች የሚያደርሰውም እሱ ነው። የአሠሪዎቹ ትልቅ መኪና የኋላ ወንበር ላይ መሶብ እንደ እመቤት ተቀምጦ ሲሄድ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

እህትማማቾቹ የሚሰፉት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። ሪያድ ለስፌት የምትሆን ከተማ አይደለችም። አየሩ ደረቅ ነው፤ መከይፉ፣ ማቀዝቀዣው ማለቴ ነው፣ ደግሞ ቤቱን ያቀዘቅዛል ብሎ ይብሱን ያደርቀዋል። ስንደዶው ወስፌ ሲነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ ሙቅ ውሃውን ከፍተው ክፍሉን በእንፋሎት ይሞሉና በሩን ዘግተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሳሊሃ የመሶቡን አካል፣ ናዲራ ክዳኑን ይሰፋሉ። ላባቸው ባገጫቸው ይንጠባጠባል። ሲያልቅ ግን አካሉና ክዳኑ የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል። ደንበኛ ሁሉ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ይሞክራል፣ አንድም ያገኘ የለም። ናዲራ በዚህ ትኮራ ነበር። "የአንድ እናት እጅ ነዋ" ትላለች።

ያቺ እናታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሙያው ጋር አንድ ሕግ አውርሳቸዋለች። የሙሽራ መሶብ እጅ አይቀይርም። አካሉ የአንዷ፣ ክዳኑ የሌላዋ ቢሆን ግድ የለም፤ የተጀመረውን አካል ግን መሀል ላይ ሌላ ሰው አይቀበለውም። ከተቀበለው በትዳሩም ውስጥ ሌላ እጅ ይገባል። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር እሰማለሁ እንጂ አልፈራም። ናዲራ ትፈራለች። በሌላው ነገር ሁሉ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ሴት እዚህ ላይ ሕፃን ትሆናለች።

ሳሊሃ ከናዲራ ሌላ ነበረች። ሳቂታ ናት፣ አፏም አያርፍም። ወደ ሪያድ የመጣችው ሰው ቤት ልትሠራ ነው፤ አልሆን ሲላት ከካፊሏ፣ ካስመጣት አሠሪ፣ ቤት ጠፍታ እህቷ ጋ ገባች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የላትም። ለምን ጠፋሽ ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቃት፣ "እትዬ ውብነሽ፣ እኔ ጀምሬ የተውኩት ነገር ቢኖር የካፊሌን ቤት ጽዳት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አያልቅም" አለችኝ። ሳቅን። በኋላ ያ ንግግር ይመለስብኛል ብዬ መቼ አሰብኩ!

በፈረንጆቹ 2013 ወረቀት ለሌለው ሰው የምሕረት ጊዜ ተሰጠ። ማስተካከል የቻለ ያስተካክል፣ ያልቻለ በሰላም ይውጣ ተባለ። የሳሊሃ ወረቀት የሚስተካከልበት መንገድ አልተገኘም። እሷም አልተጨነቀችም፤ አገሬ ገብቼ እረፍት አደርጋለሁ ብላ ሻንጣዋን መሙላት ጀመረች። ይሁንና በዚያው ሰሞን ሱወይዲ የምትኖር ወይዘሮ ብዙነሽ የምትባል ሴት ልጇን ልትድር ነበርና ሳሊሃ ለእነሱ የሙሽራ መሶብ ጀምራለች። አካሉ ከግማሽ አልፏል።

እኔ ልዝብ ሰው አይደለሁም። "ናዲራ፣ ልጅቷን ልቀቂያት" አልኩ፣ ፊት ለፊት።

"ጥቂት ዙር ነው የቀራት፣ እትዬ። እሱን ትጨርስና ያላ፣ ትሄዳለች።"

"አንቺ ጨርሺዋ!"

"አስተግፊሩላህ! በሰው ልጅ ትዳር ላይ እጄን ላስገባ?"

"መሶብ ነው ሰው ነው የሚበልጥብሽ?" ብዬ ጮህኩባት። ተኳረፍን። ሳሊሃ መሀላችን ሆና፣ "ተዪያት እትዬ፣ እኔም ጀምሬ መተው አልወድም" ትላለች፣ ወስፌዋን ሳታቆም።

ያየሁትን ልናገር። ሰበቡ መሶቡ ነበር፤ ናዲራ ግን እህቷን መለየት አልቻለችም። በመጨረሻው ሰሞን ሳሊሃ የሰፋችውን ዙር እያገላበጠች፣ "እዚህ ጋ ላልቷል፣ ፍቺው" ስትላት ሰምቻለሁ። አልላላም ነበር።

ከዚያ ስንደዶው አለቀ። ሣሩ የሚመጣው ከኮምቦልቻ በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ይመጣል የተባለው መንገደኛ ዘገየ። ዛሬ ነገ ሲባል የምሕረቱ ጊዜ አለፈና ፍተሻው ተጀመረ። ወረቀት የሌለው ሁሉ ቤቱን ዘጋ። ያ መንገደኛ ታዲያ ልክ በዚያ ሳምንት ሱወይዲ ደረስኩ ብሎ ደወለ። ጣሂር አሠሪዎቹን ይዞ ደማም ከተማ ሄዷል። "አባያና ኒቃብ ለብሼ ማን ያውቀኛል?" አለች ሳሊሃ። ናዲራ አልከለከለቻትም። እኔ በሰዓቱ ቤት አልነበርኩም፤ ብኖር ኖሮ በር ላይ እተኛ ነበር።

ስትመለስ ታክሲውን ፈታሾች አስቆሙት። ኢቃማ ተጠየቀች፣ የላትም፣ ወረደች። ባለታክሲው ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ አስቀድማ በነገረችው አድራሻ መጥቶ በሩን አንኳኳና የታሰረውን ሣር ለናዲራ አስረከባት። ሣሩ መጣ፣ ሳሊሃ ቀረች።

ከተርሒል፣ የሚባረሩት ሰዎች ከሚታጎሩበት፣ አንድ ጊዜ ደወለች። ናዲራ ስልኩን ከፍ አድርጋው ሦስታችንም ሰማናት። ከኋላዋ የብዙ ሴቶች ጫጫታ አለ። "እንዳትነኪው እሺ?" አለች። "ማንም እንዳይነካው። እኔ ጀምሬ የተውኩት የካፊሌን ቤት ጽዳት ብቻ ነው፤ እመጣለሁ!" ድምፅዋ ይስቃል። ናዲራ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። ሳሊሃ ብዙም ሳትቆይ ከሌሎቹ ጋር አውሮፕላን ላይ ተጫነች። ሞልታው የነበረው ሻንጣ እንኳ አልደረሳትም።

የብዙነሽ ልጅ ከአዲስ አበባ በመጣ መሶብ ተዳረች። ትዳሩም ደህና ነው፣ ወልዳለች። ያን ግማሽ መሶብ የሚፈልገው ሰው አልነበረም ማለት ነው። እኔማ ጣዪው ልል ነበር። ናዲራ ግን ቁምሳጥን ላይ አስቀምጣ ትጠብቀው ጀመር። ጫፉ ያልተቋጨ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዙር የወጡት ሰበዞች ደርቀው ከተሰበሩ የጀመረችው ሰው እንኳ ልትቀጥለው አትችልም። ስለዚህ በየጁምዓው አውርዳ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ብዙ ብታርሰው ይሻግታል፣ ብትተወው ይሰበራል። በዚያ በሪያድ በጋ፣ ሰው ራሱ በሚደርቅበት፣ አንድም ጁምዓ ስታስተጓጉል አላየሁም።

"እንደ አራስ ልጅ ታጥቢዋለሽ አይደል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ስትመጣ ደርቆ ብታገኘው ምን ትለኛለች?"

ተነስቼ ጨርቁን ጨመቅኩላት።

ሥራው እያደር ተዳከመ። አካሉንም ክዳኑንም ብቻዋን መስፋት ከበዳት፤ ከአገር ቤት የሚመጣው መሶብም በየሱቁ በዛ። ደንበኛው ወደዚያ ሄደ። ጣሂር ጣራ ላይ መውጣት አቆመ፤ ጣቶቹ ጠሩ። ወደ እኛ መስኮት የሚወጣው የሣር ሽታም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ሳሊሃ አገር ቤት ብዙ አልተመቻትም። እናት የለች፣ መሬት የለ፤ በዘመድ ቤት ከርማ ተሰላቸች። በ2015 መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ደወለች። በየመን በኩል ልትሻገር ነው። "ስንደዶ ይዣለሁ፣ ያኛው ሳይደርቅ አይቀርም!" አለች። ናዲራ "ተመለሺ! በአላህ ይዤሻለሁ፣ ተመለሺ!" ብላ ስትጮህ ድምፅዋ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። መስመሩ ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ የመን ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ከዚያ ወዲያ የሳሊሃ ወሬ ጠፋ።

ናዲራ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ቴሌቪዥኑ ላይ ስደተኛ በታየ ቁጥር ወደ ስክሪኑ ትጠጋለች። ሰው መርዶ ቢነገረው ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ለእሷ ግን መርዶ የሚያረዳት አልተገኘም፤ ስለዚህ አላለቀሰችም፣ የሐዘን ልብስም አልለበሰችም። በየጁምዓው ጨርቁን ታርሳለች።

በ2016 ሙሀባው የሚባል የሠፈራቸው ልጅ፣ ስንት ስቃይ አይቶ ሪያድ የደረሰ፣ አድራሻ አጠያይቆ መጣ። እኔም ተጠርቼ ወረድኩ። ሻይ ቀረበለት፣ አልነካውም። ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሳም።

"አብረን ነበርን፣ እህቴ" አለ። "ባሕሩ ዳር ድረስ አብረን ነበርን። አሻጋሪዎቹ ዕቃ ጣሉ አሉን። ሁላችን ጣልን። እሷ አንድ እቅፍ ሣር ይዛለች፣ አልጥልም አለች። ሰው ሁሉ ሳቀባት። ውሃና ብስኩት ትቶ ሣር የሚሸከም ሰው አይተን አናውቅማ። ተቆጥተው ከእኛ ጀልባ አወረዷትና ለኋለኛው አስቀሯት።"

"ከዚያስ?" አለ ጣሂር።

"እኛ ተሻገርን። ዳርቻው ላይ ሁለት ቀን ጠበቅን። የኋለኛው ጀልባ አልመጣም።"

ናዲራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ሣሩን ይዛ ነበር? እስከ መጨረሻው?"

"አቅፋው ነበር" አለ።

ሻዩን አንስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። አልጮኸችም። ሙሀባው ጥፋት እንደሠራ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ጣሂር እስከ ታች ሸኘው። እኔ ወደ ቤቴ ወጣሁ። በላይነህ "ምን አለ?" ቢለኝ በእሱ ላይ ጮህኩበት።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስገባ ከመስኮቱ የእርጥብ ሣር ሽታ መጣ። እንደ ድሮው፣ ጥርት ያለ። ያለ ጫማ ሮጬ ወረድኩ። ጣሂር ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በእጁ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጠቆመኝ።

ናዲራ በእንፋሎቱ መሀል ብቻዋን ነበረች። የሳሊሃ ቦታ ባዶ ነው። መሶቡ ጉልበቷ ላይ ነው፣ ወስፌው ይሄዳል ይመጣል። ባለታክሲው ያመጣውን ሣር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኗ ሊያየው ያልቻለውን፣ ፈትታ ነክራዋለች።

"ናዲራ" አልኩ። "እጅ አይቀይርም ስትዪ አልነበር?"

ቀና አላለችም። "እማዬ ሌላም ነገር ብላ ነበር። ለሳሊሃም ነግሬያት አላውቅም፣ ማሟረት እንዳይሆንብኝ ብዬ" አለች። "የጀመረችው ከሞተች እህቷ ትጨርስላታለች።"

እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ አጠገቧ አለቀስኩ። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አልኳት። "አሚን" አለች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ወስፌውን ግን አላስቀመጠችም።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ዙር ቋጨችው። ስለ ስፌት የማውቀው የለም፤ ነገር ግን ሳሊሃ ያቆመችበት ቦታ እኔ እንኳ በጣቴ አገኘሁት። ከዚያ በላይ ያለው ከሚገባው በላይ ጠብቋል። ናዲራ ለብዙነሽ ልጅ ሰፍታው የነበረውን ክዳን ከቁምሳጥኑ አውጥታ ገጠመችው። ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አዙራ ሞከረችው፤ ዘመመ። ለሦስተኛ ጊዜ ልታዞረው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

"ኸላስ። በቃ" አለች።