የለቅሶ ፈቃድ

ባሌ ለፍቺያችን ቀጠሮ እንዲደርስ ብሎ እናቴን ገደላት። በወሬ ነው እንጂ በእጁ አይደለም። እናቴ በዚያ ሳምንት ሙሉ ጤነኛ ነበረች፤ መሞቷን የሰማችውም ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቁጭ ብላ ለውዝ ስትፈለፍል ነው።

የምንኖረው አሶሳ ነው። ባሌ ጉባ፣ ግድቡ ላይ በያጅ ነበር። ልጅ አልሰጠንም። በየጥቂት ወሩ ይመጣል፣ ሰንበት ብሎ ይመለሳል። እንግዳ ደስ ይላል፤ ግን በገዛ ቤቱ «ስኳሩ የት ነው?» እያለ የሚጠይቅ እንግዳ ውሎ አድሮ ይከብዳል። አልተደባደብንም፣ አልተሰዳደብንም። ሌላ ሴትም አልነበረችበትም፤ ብትኖርበት ለሽማግሌ የምናገረው አገኝ ነበር። አንድ ቀን እንፋታ አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። ያቺ እሺታው አናደደችኝ፤ ያሳመነችኝም እሷው ናት።

ሽማግሌዎች መጥተው ምን አጣላችሁ አሉን። ምንም አልናቸው። የሚያስታርቁት ጠብ ስላጡ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ከዚያ ጠበቃ ያዝኩ። ከወለጋ መጥቶ አሶሳ የከረመ፣ ሲያስብ እስክሪብቶውን ፀጉሩ ውስጥ የሚሰካ ሰው ነው። ቢሮው ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ነው፤ የምንነጋገረው በማሽኑ ድምፅ መሀል እየጮህን ስለነበር ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጉዳዬን ያውቀዋል።

«መፋታቱ ቀላል ነው» አለኝ። «ከተስማማችሁ ዳኛዋ አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ቆርቆሮው ነው።»

ቆርቆሮው ማለት ቤቱ ነው። ከተጋባን በኋላ የሠራነው ስለሆነ የጋራ ነው። ለሁለት አይቆረጥ፤ አንዳችን የሌላውን ድርሻ መግዛት ካልቻልን ይሸጣል።

«እናቴስ?» አልኩት። እናቴ የምትኖረው በጓሮ በኩል ባለችው አንድ ክፍል ነው።

«እናትሽ መዝገቡ ላይ የሉም» አለኝ። «ለመዝገቡ ከሆነ፣ እናትሽ ጭራሽ የሉም።»

ይህን ለእናቴ መንገር የኔ ድርሻ ሆነ። እናቴ በደርግ ጊዜ፣ በሰፈራ፣ ከወሎ በጭነት መኪና ተጭና የመጣች ናት። ወዴት እንደምትሄድ የነገራት አልነበረም፤ ሲያወርዷት ነው አሶሳ መሆኑን የሰማችው። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ቤቱ ሊሸጥ ይችላል ስላት ከሰፌዱ ላይ ቀና አላለችም።

«አንዴ ጭነውኛል» አለች። «ሁለተኛ አልጫንም።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ስለ ፍቺው ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ባሌ ሳይሆን ያቺ የጓሮ ክፍል ሆነ። እኔ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። እሷን ግን የት አድርጌ፣ በምን አፌ ውጪ እላታለሁ? እሺ ባዩን ትቼ ራሴን መርገም ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ ባሌ አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። ስደውልለት ካምፑ ውስጥ ፈቃድ ያለ ምክንያት እንደማይሰጥ ነገረኝ። ለለቅሶ ከሆነ ፎርማኑ ወዲያው ይለቃል። ለፍቺ ከተባለ ግን ራት ላይ ለሰው ሁሉ ያወራዋል።

«ልፋታ ነው ብዬ እንዴት ልጠይቅ?» አለኝ።

ጠበቃዬ በበኩሉ ሦስተኛው ቀጠሮም ካለፈ ችሎቱ ለክረምት እንደሚዘጋ አስጠነቀቀኝ። እኔም ቱግ አልኩና ደውዬ «የፈለግከውን ብለህ ና!» አልኩት። ከፈለገው ሁሉ ለቅሶን መረጠ።

ከቀጠሮው ቀን ቀደም ብሎ በዋዜማው ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ጠበቃዬ የስምምነቱን ወረቀት ሊያስፈርመን ቤት ድረስ መጣ። ወረቀቱ ቤቱ ተሸጦ እኩል ይካፈሉ ይላል። ባሌ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ስልኩ ጠራ። አዳመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«መናኸሪያውን አልፈዋል» አለ።

«እነማን?»

«ለቀስተኞቹ።»

ጠበቃው «ማን ሞተ?» አለ። ባሌ ወደ ማንጎው አየ። እናቴ ከለውዙ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ እንኳ ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት» አለች።

ሟርተኛ አልኩት፤ ሌላም ሌላም አልኩት። ጠበቃው እውነቱ ይነገራቸው አለ። ባሌ እውነቱ ከተነገረ ከሥራ እባረራለሁ አለ። ስንጨቃጨቅ እናቴ ተነሥታ እጇን ታጠበችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ከጉባ ድረስ አቧራ ሲቅሙ መጥተው ሳያለቅሱ አይመለሱም» አለች። «እኔ እህትየዋ ነኝ። ትመሳሰላላችሁ ካሉ መንታ ነን።»

በፒካፕ ተጭነው መጡ። ፎርማኑም ነበረበት። ለበያጅ አማት ያን ያህል መንገድ ይመጣሉ ብሎ ባሌ አልጠረጠረም፤ ለቅሶ ደራሽ መሆናቸውን ግን ማወቅ ነበረበት። ስኳርና የታሸገ ውኃ ይዘው ነበር። በር ላይ ቆመው አለቀሱ፣ ከዚያ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። እናቴም አብራቸው ተቀመጠች፤ የተፈለፈለውን ለውዝ በሰፌድ አቀረበችላቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ከመንጌ የመጣ የበርታ ሰው ነው፤ የባሌ ረዳት።

«ይሄ እናት በጣም ጥሩ ነበር» አለ። «ዳቦ ቆሎ ይልካል፣ ሁላችን ይበላል። ረመዳን ሲሆን ለኔ ለብቻ ይልካል። ለመንጌው ልጅ ስጠው ይላል። እኔን አያውቅም፣ አላየኝም፣ ግን ይልካል። አላህ ይርሀመው።» ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ፎርማኑ ቀጠለ። «ይሄ ልጅ እኮ እናቱን በልጅነቱ ነው የቀበረው። እናት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት አግብቼ ነው ይለናል። እሳቸው የጠቀለሉለትን ፌስታል እንኳ አይጥልም፤ አጣጥፎ ፍራሹ ሥር ያስቀምጣል።»

ባሌ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ሲል እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። በእናቴ ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ስለኔስ ምን ይላል ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ግን ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

እናቴ ደግሞ ታለቅሳለች። እህት ለመምሰል አይደለም፤ ከአንጀቷ ነው። ሰው በለቅሶው ላይ ምን እንደሚባልለት የመስማት ዕድል የለውም። እሷ ዕድሉን ስላገኘች አላባከነችውም። መሀል ላይ ፎርማኑ ለውዙን ሲተወው መሞቷን ረሳችና «በሞቴ ያንሱ» አለችው። ጠበቃዬ አሳለው።

ባሌ ሻይ ሊያቀርብ ገባና ከመስኮቱ ብቅ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስኳሩ የት ነው?» አለኝ።

«ከዱቄቱ ኋላ ነው፣ ሰማያዊው ጣሳ ውስጥ» አለች እናቴ።

«እህትየዋ ቤቱን ጠንቅቀው ያውቁታል» አለ ፎርማኑ።

ሊነሡ ሲሉ ፎርማኑ ፋይል ታቅፎ የተቀመጠውን ጠበቃዬን የዕድር ዳኛ መሰለውና የማጽናኛ ቃል እንዲናገር ጠየቀው። ጠበቃዬ ቆመ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ፤ «ያለውን ያቆይልን።» ከሁለቱ አንዱም ውሸት እንዳልሆነ ቆይቶ አስረዳኝ።

ፒካፑ ሄደ። ወረቀቱ በርጩማው ላይ እንዳለ ነበር፤ የለውዝ ገለባ አርፎበታል። ባሌ ገለባውን አራገፈ፤ አልፈረመም።

«እማማ በሕይወት እያሉ ይህ ቤት አይሸጥም» አለ ለጠበቃው። «እንዴት እንደሚጻፍ እርስዎ ያውቃሉ።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን ከፀጉሩ አወጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በማሽን ሳይሆን በእጁ ጻፈው። በማግስቱ ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አንብበው ባሌን «በፈቃድህ ነው?» አሉት። ነው አለ። እናቴ በመጨረሻ መዝገቡ ላይ ገባች፤ እኛም ተፋታን። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጨበጠኝና ወደ ጉባ መኪና ሊፈልግ ሄደ። ጠበቃዬ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ አስቦ ተወው መሰለኝ፤ «በርቺ» ብሎኝ መንገዱን ተሻገረ።

በሐሰት የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል አለች እናቴ፤ ከማን እንደሰማችው አልነገረችኝም። ለማንኛውም ብዙ ክረምት ቆየች። እሱም ፈቃድ ሲያገኝ ይመጣ ነበር፤ ወደኔ ሳይሆን በጓሮ ዞሮ ወደ እሷ ክፍል። ዳቦ ቆሎውንም አላቋረጠችም። «ከእህትየዋ ነው በላቸው» ትለዋለች።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ እናቴ ሞተች። ደወልኩለት። ሰምቶ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ፎርማኑ ጋ ሄደ። እህትየዋ ሞተች ማለት ይችል ነበር፤ ያምኑት ነበር። አላለም። «ያኔ ዋሽቻችኋለሁ። የሞቱት ዛሬ ነው» አለ። ፎርማኑ አማትህን አንዴ አልቅሰንላታል፣ ደግሞስ ከተፋታህ ቆየህ አይደል ወይ ብሎ ከለከለው። ያለ ፈቃድ ወጣ። የመንጌው ሰው አብሮት መጣ፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነበር። ዕድሩ አይሱዙ አመጣ፤ በሩ ላይ አቁመው የኋላውን ከፈቱ። ሳጥኑን ወደ መኪናው ሲያስጠጉ ባሌ መሀል ገባ። ባሌ አልኩ፤ የቀድሞ ማለት ነበረብኝ።

«እማማ ሁለተኛ አይጫኑም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ጭቃውን አሳዩት፣ ዝናቡን አሳዩት። እሱ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰበሰበ። ሳጥኑን ሊሸከም ከፊት በኩል እሱ ገባ፣ ከጎኑ የመንጌው ሰው። እናቴ ከዚያ ቤት በሰው ትከሻ ወጣች። እኔ ከኋላ ሄድኩ፤ መኪናውም ባዶውን ተከተለን።