በሻይ ፔርሙዝ የተኮራረፉት ቀዛፊዎች

ወንድሜ በያጅ ነው፤ ግትርነቱ ከሚበይደው ብረት ይብሳል። ጓደኛው ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ በእልህ ከእሱ አይተናነስም። ጤነኛ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ብርድ እነሱ ጀልባ ጭነው፣ ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ ወደሚላተምበት ወንዝ ይሄዳሉ።

የመንሳፈፊያ ጃኬታቸው ማሰሪያ ከጀርባ ስለሆነ ሁልጊዜ አንዱ ለሌላው ያጠብቅለታል። የዚያን ቀን ግን መንገድ ላይ በሻይ ፔርሙዝ ተጣሉ። «አንተ ነህ የረሳኸው»፣ «ኧረ አንተ ነህ» ሲባባሉ ወንዙ ጋ ደረሱ። ሁለት ጎልማሶች እንደ ሕፃን ተኮራርፈው፣ በደነዘዘ ጣት እየዳበሱ የየራሳቸውን አሰሩ።

ውሃው ገለበጣቸው። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ። ከጓደኛው በፊት የተገኘው ጃኬቱ ነው፤ ማሰሪያው ተፈቶ ባዶውን ይንሳፈፋል።

ተደውሎልኝ ስደርስ ሬሳው ዳር ላይ ተጋድሟል። የማለብሰው ነገር ፍለጋ መኪናቸውን ከፈትኩ። ፔርሙዙ ወንበር ስር ተንከባሎ ገብቷል።

ወንድሜ ከእጄ ተቀብሎ ክዳኑን ፈታው። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ገና ትኩስ ነው» አለው።