አራተኛው ዴክ

የጋለ አቧራ ሽታ አንድ ቀን ያሳፍረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናታችን ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ሐይቅ ከተማ ያለውን ቤቷን ከታላቅ እህቴ ከዘይነባ ጋር ስናጸዳ፣ እሷ መደርደሪያው ላይ ዳንቴል ለብሰው ከተቀመጡት አራት የቪዲዮ ዴኮች አንዱን አንስታ ሶኬት ላይ ሰካችው፤ መብራቱ ፈዞ በራ፣ ስንት ዘመን የተኛበት አቧራም እየጋለ ሸተተ። ዘይነባ ፈገግ ብላ፣ «ያኔ የተበላሸው የትኛው ነበር?» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሦስት ዴክና አንድ ቴሌቪዥን ነበረው። ሀብታሞች ሆነን አይደለም። ጅዳ ሰው ቤት ይሠሩ የነበሩት ሦስቱ እህቶቼ፣ ፋጡማ፣ ዘይነባና ሉባባ፣ ሳይመካከሩ ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ አንድ አንድ ዴክ ላኩ፤ ቴሌቪዥኑን ግን አንዷ በሌላዋ ላይ ጥላው ነው መሰለኝ ማንም አልላከም፤ እማ ወይፈን አሽጣ ከደሴ አስመጣችው። በእረፍት ቀናቸው ለብሰው አጊጠው እየተቀረጹ፣ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ ሰላም የሚሉበት ካሴት ደግሞ በየጊዜው ይደርሰናል። የልጅ ልፋት ከልጅ ልፋት አይበልጥም የምትለው እማ፣ አንዱን ዴክ መርጣ ሁለቱን ማስቀመጥ ነውር ሆነባትና የፋጡማ ካሴት በፋጡማ ዴክ፣ የዘይነባም በዘይነባ ዴክ ብቻ እንዲታይ ደነገገች። ቴሌቪዥኑ የገመድ መግቢያው አንድ ብቻ ስለነበር የአንዱን ዴክ ገመድ ወደ ሌላው፣ የመጨረሻውን ወደ ቴሌቪዥኑ እያስገባሁ ሦስቱን የምቀጣጥለው እኔ ነበርኩ፤ መካከል ያለው የዘይነባ ዴክ መብራት ካጣ የፋጡማ ፊት በነጠብጣብ ይሸፈናል።

ካሴት በደረሰ ቁጥር እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባና፣ ገመዱን በጥንቃቄ እየተሻገረ፣ በቤታችን መረብ ዛሬ ስንት ዓሣ እንደተያዘ ይጠይቀናል። ቀልዱን እማ አብራ ትስቅበታለች፤ እኔ ግን በተለይ የክፍሌ ልጆች ካሉ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

አንድ ዓመት ለአረፋ፣ ደሴ ሬዲዮ የሚጠግነው የአጎታችን ልጅ ሰይድ መጣ። ገመዶቹን ሲያይ በሳቅ ፈነዳ፤ የትኛውም ዴክ የትኛውንም ካሴት እንደሚያጫውት አስረድቶ ሁለቱን ነቀለና፣ አዲሱን የዘይነባን ካሴት በፋጡማ ዴክ ከተተው። ዘይነባ ከወትሮው ጠርታ ታየች። ቤቱ ሁሉ አደነቀው፤ እኔም ከገመዱ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። እማ እንግዳ ላለማሳፈር ዝም አለች።

ብዙም ሳይቆይ ዘይነባ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ስልክ ደወለች። ድምጿ ከእማ ጆሮ አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። ሁሌም እንደምታደርገው ዴኳ ይሠራ እንደሆነ፣ በእሱ አይታት እንደሆነ ጠየቀች። እማ ሌላ ጊዜ «ወላሂ፣ በራስሽ ዴክ ነው ያየሁሽ» ብላ ነበር የምትምልላት። ያን ቀን መማል አልቻለችም። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። የዚያ ሁሉ ገመድ ጥቅሙ ምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ እማን እያየሁ ፊቴ ጋለ።

«አብሽሪ እማ፣ ከተበላሸ ሌላ እልክልሻለሁ» አለች ዘይነባ።

በኋላ እማ አልተበላሸም ብትላት፣ ከወጪ ልታሳርፈኝ ነው ብላ አላመነችም። ለምን ዝም እንዳለች መንገር ደግሞ ዴክሽን ነቅለን አስቀመጥነው ማለት ነው፤ ይህን እማ ከአፏ አላወጣችውም። ከወራት በኋላ ካርቶኑ ደረሰ፤ ያመጣችው ሴት፣ ዘይነባ ዘንድሮ ልትመጣ ያስቀመጠችው ገንዘብ እዚህ ላይ ስለዋለ መምጣቷ እንደቀረ ነገረችን። እማ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳትከፍተው ዋለች። ከዚያ አራቱንም በገመድ አስቀጣጠለችኝ፤ የዘይነባን ካሴትም አንዴ በፊተኛው፣ አንዴ በኋለኛው ዴኳ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እናይ ጀመር። ማንም አልሳቀም።

የኋላ ኋላ ዘይነባ ስትመጣ የእማ ዓይን ብርሃኑ ሄዶ ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ እየዳሰሰች፣ በቴሌቪዥኑ ወፈር ያልሽ ነበርሽ፣ ምነው ከሳሽ አለቻት።

ዛሬ ከዚያው ከዓረብ አገር የእህቶቼ ልጆች ምስላቸውን በስልክ ይልኩልኛል። በምን እንዳየሁት የሚጠይቀኝ የለም። አንዳንዴ ሳልከፍተው አየሁት፣ ማሻአላህ ብዬ እመልሳለሁ።

ከጓዳ ስወጣ ዘይነባ ዴኩ ፊት ተቀምጣ ጥያቄዋን ደገመችው። አንዱም አልተበላሸም ነበር አልኳት፤ የሰይድን ነገር፣ የእማን ዝምታ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አራቱን ዴኮች ተራ በተራ አየቻቸው።

«እንግዲያ ያን ዓመት መምጣት እችል ነበር» አለች።